የስማርት ቴሌቪዥን መተግበሪያ አልከፍት ሲል፦ ባለሙያ ከመጥራት በፊት በቤት የሚደረግ ፍተሻ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጀሞ እስከ ጎፋ፣ ከለቡ እስከ ሃና ማርያም ባሉ መኖሪያ ቤቶች ቴሌቪዥን ከዲሽ ጋር ብቻ የተሳሰረበት ጊዜ እያለፈ ነው። ዜናው፣ ድራማው፣ መዝሙሩና የልጆች ትምህርቱ በኢንተርኔት በኩል፣ እንደ ዩቲዩብ ባሉ መተግበሪያዎች ይታያል። ልማዱ ወደ ክልል ከተሞችም ዘልቋል። አዲስ አበባ የሚሠራ ልጅ ለወላጆቹ ስማርት ቴሌቪዥን ገዝቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ወልድያ ይልካል፤ መደበኛ የኢንተርኔት መስመር ባልደረሰበት ገጠርም የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለቴሌቪዥኑ ይጋራል።

መተግበሪያው አንድ ምሽት አልከፍት ሲል፣ ወይም ምስሉ ቆሞ ክቡ ምልክት ብቻ ሲሽከረከር፣ ብዙ ቤተሰብ «ቴሌቪዥኑ ተበላሸ» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ የሚከተለው ወጪ ነው። ለጥገና ባለሙያ ይከፈላል፤ ሳያስፈልግ ትልቅ የዳታ ጥቅል ይገዛል፤ አንዳንዴም ጤነኛ ቴሌቪዥን በርካሽ ተሽጦ በሌላ ይተካል። ይሁን እንጂ ከዲሽ ወይም ከፍላሽ የሚመጣ ምስል በትክክል የሚታይ ከሆነ ስክሪኑ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ያለው ኢንተርኔቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ወይም በመተግበሪያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመጠገን በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት ይቀድማል። ለዚህም በእጅ ያለ ስልክና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ምስሉ የሚያልፍባቸው አምስት ደረጃዎች

አንድ ቪዲዮ ስክሪን ላይ ከመታየቱ በፊት አምስት ደረጃዎችን ያልፋል። የመጀመሪያው ቪዲዮውን ያከማቸው ድርጅት ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛው አገርን ከአገር የሚያገናኘው ዋና መስመር ነው፤ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት በባሕር ሥር ወደተዘረጉት ኬብሎች የምትደርሰው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። ሦስተኛው ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እስከ ቤት ድረስ ያለው መስመር ወይም የሞባይል ኔትወርክ ነው። አራተኛው በቤት ውስጥ ያለው ራውተር ሲሆን አምስተኛው ቴሌቪዥኑና በውስጡ የተጫነው መተግበሪያ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ችግር ሲፈጠር ተመልካቹ ሊያደርገው የሚችለው ነገር የለም። ታኅሣሥ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. የጎግል አገልግሎቶች በመላው ዓለም ለ45 ደቂቃ ያህል ሲቋረጡ ዩቲዩብም አብሮ ቆሞ ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቀይ ባሕር ሥር ያሉ ኬብሎች ተቆርጠው በአካባቢው የኢንተርኔት ግንኙነት ላይ ጫና አሳድሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ የቴሌቪዥኑን ቅንብር የነካካ ሰው ያልተበላሸውን ያበላሻል።

ስልክ እንደ መመርመሪያ

ጥፋቱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ያንኑ መተግበሪያ በስልክ መክፈት ነው። ፍተሻው አራት እርምጃዎች አሉት።

አንደኛ፣ ስልኩ ቴሌቪዥኑ ከሚጠቀምበት ዋይ ፋይ ጋር ይገናኝ፤ የሞባይል ዳታው ይጥፋ። መተግበሪያው በስልኩ ላይ ያለ ችግር ከሠራ መስመሩም ራውተሩም ደኅና ናቸው፤ ፍተሻው ወደ ቴሌቪዥኑ ይዙር።

ሁለተኛ፣ በዋይ ፋይ ካልሠራ ዋይ ፋዩ ይጥፋና በሞባይል ዳታ ይሞከር። በዚህ ከሠራ ጥፋቱ በራውተሩ ወይም ወደ ቤት በሚገባው መስመር ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ በሁለቱም ካልሠራ ሌላ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ይከፈት። ሌላው ሁሉ ሠርቶ አንዱ ብቻ ከቆመ ችግሩ የዚያው አገልግሎት ነው፤ መፍትሔው መጠበቅ ነው።

አራተኛ፣ የስልኩ ሆትስፖት ተከፍቶ ቴሌቪዥኑ ከእርሱ ጋር ይገናኝ። በሆትስፖት ሠርቶ በቤቱ ዋይ ፋይ እምቢ ካለ ቴሌቪዥኑ ከጥርጣሬ ነጻ ነው። ይህ ሙከራ የሞባይል ዳታ ስለሚበላ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

በብዙ ቤቶች መተግበሪያው እምቢ የሚለው መብራት ሄዶ በተመለሰበት ሰዓት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሣል። ራውተሩ ተነሥቶ መስመሩን እስኪያገኝ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በዚህ መሐል የተከፈተ መተግበሪያ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ይቆማል፤ ግንኙነቱ ከተመለሰ በኋላም እዚያው ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መብራት እንደመጣ ራውተሩ ብቻ ተከፍቶ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቅ፤ ቴሌቪዥኑ ከዚያ በኋላ ይከፈት።

በሪሞት የጠፋ ስማርት ቴሌቪዥን በእርግጥ አልጠፋም፤ አሸልቧል። የተጣበቀው መተግበሪያም በማስታወሻው ውስጥ እንዳለ ይቆያል። በትክክል ለማጥፋት ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቆየት አለበት። ይህ ቀላል እርምጃ ብቻውን ብዙ ችግር ይፈታል።

በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ቢሆንም መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። መብራት እንደሄደ ሶኬቱን መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ጠብቆ መሰካት ቴሌቪዥኑንም ራውተሩንም ይጠብቃል። አምፖሉ ደጋግሞ የሚደበዝዝና የሚደምቅ ከሆነ ግን ጉዳዩ የቴሌቪዥን ሳይሆን የመስመር ነው፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ማሳወቅ ይገባል።

የራውተሩ መብራቶች የሚናገሩት

በፋይበር መስመር የሚሠራ ራውተር ፊቱ ላይ «ፖን» እና «ሎስ» የሚሉ የላቲን ምሕጻረ ቃላት የተጻፈባቸው ትናንሽ መብራቶች አሉት። «ፖን» አረንጓዴ ሆኖ ሳያቋርጥ ከበራ መስመሩ ደርሷል ማለት ነው። «ሎስ» በቀይ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃን የሚያስተላልፈው ቀጭን መስመር ተቋርጧል፣ ተጣጥፏል ወይም ከመሰኪያው ወጥቷል። ቀጭኑ ገመድ በዕቃ ሥር ተጨፍልቆ ወይም በሹል ተጣጥፎ እንደሆነ ማየት ይቻላል፤ ጫፉን ፈትቶ ለማጽዳት መሞከር ግን ጉዳት ያስከትላል።

በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚሠራው መስመር ደግሞ «ዲ ኤስ ኤል» ወይም «ሊንክ» የሚለው መብራት ቆሞ መብራት አለበት። ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ መስመሩ አልተገኘም። በሁለቱም ሁኔታ ጉዳዩ የአገልግሎት ሰጪው ነው፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 700 ተደውሎ የትኛው መብራት በምን ቀለም እንደበራ መንገር የጥገናውን ጊዜ ያሳጥራል።

ዋይ ፋይና ግድግዳ

የክፍለ ከተማው መጠሪያ ከሆኑት ስሞች አንዱ «ንፋስ ስልክ» በቀድሞው አማርኛ ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፍ መልእክትን የሚያመለክት ነው። ዛሬ በየቤቱ ያለው ዋይ ፋይም በዚሁ መንገድ በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። ሞገዱን ደግሞ የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ያደክመዋል፤ የብረት በርና ቁም ሣጥንም ያግደዋል።

ራውተሮች በሁለት ሞገዶች ይሠራሉ። ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዙ ሩቅ ይደርሳል፤ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል። ነገር ግን ሳይጠላለፉ ጎን ለጎን ሊሠሩበት የሚችሉ መተላለፊያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 6 እና 11 ናቸው። እንደ ጀሞ ባሉ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች አንድ ሰው በሳሎኑ ተቀምጦ የብዙ ጎረቤት ዋይ ፋይ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ሲያይ፣ ሁሉም በእነዚህ መተላለፊያዎች ላይ እየተጋፉ እንደሆነ ይረዳ። ቀን ደኅና የሠራ መተግበሪያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚቆራረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ባለ 5 ጊጋ ኸርዙ ሞገድ ሰፊና ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያዳክመዋል። ስለዚህ ራውተሩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ክፍል ካሉ ባለ 5ቱን፣ በተለያየ ክፍል ካሉ ባለ 2.4ቱን መምረጥ ይሻላል።

ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከፍሪጅ አጠገብ ወይም በቁም ሣጥን ውስጥ አይቀመጥ፤ ከወለል ከፍ ባለና በተገለጠ ቦታ ይሁን። ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ግን ዋጋው ያልከበደው የኔትወርክ ገመድ ነው። ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ የተዘረጋ ገመድ የጎረቤት ዋይ ፋይም ግድግዳም አያውከውም።

ቀንና ሰዓት፦ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ምክንያት

በኢትዮጵያ ቤቶች ሊያጋጥም የሚችል፣ በሌላው ዓለም መመሪያዎች ውስጥ ግን የማይገኝ አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም የዘመን አቆጣጠሩ ነው። መተግበሪያው ከድርጅቱ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ የዲጂታል የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቱ የሚጸናበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቴሌቪዥኑም ይህን በራሱ የቀን መቁጠሪያ ያመሳክራል። የቴሌቪዥኑ ቀን የተሳሳተ ከሆነ ትክክለኛውን ወረቀት ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል። ኢንተርኔቱ እየሠራ፣ ዋይ ፋዩም ሙሉ ምልክት እያሳየ መተግበሪያው ግን አልከፍት ይላል።

ለምሳሌ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አዲስ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው ዓመቱን «2017» ብሎ በእጁ ቢሞላ፣ መሣሪያው የሚረዳው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያ ቀን የቀረበው ወረቀት በቴሌቪዥኑ ዓይን ገና ያልተሰጠ ነው። ስለዚህ በቴሌቪዥን ላይ የሚሞላው ዓመት ምን ጊዜም የአውሮፓውያኑ መሆን አለበት፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በኢትዮጵያ ዓመት ላይ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይደመራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ይኖርበታል።

የሚሻለው ግን በእጅ አለመሙላት ነው። በቅንብሩ ውስጥ «ቀንና ሰዓት» በሚለው ሥር «በራሱ ይስተካከል» የሚለው ተመርጦ፣ የሰዓት ቀጣናው አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ይደረግ፤ ሁለቱም አንድ ሰዓት ይጋራሉ። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች መብራት ሲቋረጥ ቀናቸውን ስለሚያጡ፣ ከረጅም መቋረጥ በኋላ ይህን ማየት ልማድ ቢሆን መልካም ነው።

ፍጥነትና ጥቅል

ምስሉ ቢከፈትም እየቆመ የሚሄድ ከሆነ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ዩቲዩብ ለ480 ፒ ጥራት 1.1፣ ለ720 ፒ 2.5፣ ለ1080 ፒ 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 20 ሜጋ ቢት በሰከንድ እንዲኖር ይመክራል። ፍጥነቱ በስልክ ሊለካ ይችላል፤ መለካት ያለበት ግን ቴሌቪዥኑ ባለበት ቦታ፣ በዚያው ዋይ ፋይና መቆራረጡ በሚታይበት ሰዓት ነው።

በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ ቁጥር የገንዘብ ጉዳይ ነው። በ5 ሜጋ ቢት ፍጥነት አንድ ሰዓት ማየት 2.25 ጊጋ ባይት ይፈጃል። በ2.5 ሜጋ ቢት ከ1.1 ጊጋ ባይት ጥቂት ይበልጣል፤ በ1.1 ሜጋ ቢት ግማሽ ጊጋ ባይት ያህል ነው። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ለሚያይ ቤት በ30 ቀን ልዩነቱ 135 እና 30 ጊጋ ባይት ይሆናል። አንድ ጊጋ ባይት ጥቅል ገዝቶ በ720 ፒ የከፈተ ሰው ከአንድ ሰዓት በታች ሲያልቅበት «ቴሌቪዥኑ ዳታ ይሰርቃል» ቢል አይፈረድበትም፤ ያለቀው ግን በሒሳቡ ነው።

ስለሆነም በሆትስፖት የሚያይ ተመልካች ቪዲዮው እንደተከፈተ ጥራቱን በእጁ ወደ 480 ፒ ዝቅ ያድርግ፤ ቀጣዩ ቪዲዮ በራሱ እንዲጀምር የሚያደርገውን አማራጭም ያጥፋ። ለዜናና ለግብርና ትምህርት ይህ ጥራት ይበቃል። ዋይ ፋዩ «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት ግን የለም» ካለ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ጥቅሉ ማለቁን ማረጋገጥ ይገባል።

መተግበሪያው ራሱ ሲታመም

መስመሩ ደኅና፣ ቀኑም ትክክል ሆኖ አንድ መተግበሪያ ብቻ እምቢ ካለ እርምጃው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ። በአንድሮይድ ቴሌቪዥን ቅንብር ውስጥ መተግበሪያዎች ከተዘረዘሩበት ቦታ የታመመው ይመረጥ። በመጀመሪያ «ፎርስ ስቶፕ» በሚለው ይዘጋ። ካልሆነ «ክሊር ካሽ» ይመረጥ፤ ይህ ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ያጠፋል፤ የተጠቃሚውን መግቢያ አይነካም። አሁንም ካልሆነ «ክሊር ዳታ» አለ፤ ይህኛው ግን መግቢያውን ስለሚያጠፋ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አይነካ። የመጨረሻው መተግበሪያውን አሻሽሎ፣ ወይም አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው።

የማከማቻ ቦታ መሙላትም መተግበሪያን ያስቆማል። ብዙዎቹ ርካሽ ቴሌቪዥኖች 8 ጊጋ ባይት ብቻ ስላላቸው፣ ግማሹን ሲስተሙ ከያዘው በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ማንም የማይከፍታቸውን ጨዋታዎችና መተግበሪያዎች ማጥፋት እፎይታ ይሰጣል።

የቴሌቪዥኑ ዕድሜና ዓይነት

ስክሪኑ ጤነኛ ሆኖ መተግበሪያው ለዘለቄታው የሚለየው ቴሌቪዥንም አለ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ2012 እና ከዚያ በፊት በተሠሩ በርካታ መሣሪያዎች ላይ የነበረውን መተግበሪያ አቁሟል፤ ኔትፍሊክስም በ2019 መጨረሻ ከአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ወጥቷል። ያገለገለ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው የተሠራበትን ዓመት መጠየቅና መተግበሪያው ሲሠራ በዓይኑ አይቶ መክፈል አለበት። ቀድሞ የገዛ ደግሞ ስክሪኑን መጣል አያስፈልገውም፤ ከኋላው በሚሰካ አነስተኛ መሣሪያ እንደገና ስማርት ማድረግ ይቻላል።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገበያ ላይ ስማቸው የማይታወቅ፣ የጎግል ማረጋገጫ የሌላቸው የአንድሮይድ ሣጥኖች ይሸጣሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 «ባድ ቦክስ 2.0» የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ውስጥ ገና ከመሸጣቸው በፊት ወይም መተግበሪያ ሲጫንባቸው እንደሚገባና የቤቱን ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መጠቀሚያ እንደሚያደርግ አስጠንቅቋል። ሁሉንም የክፍያ ቻናል በነጻ ያሳያል ተብሎ የሚሸጥ ሣጥን ርካሽነቱ ሊያጠራጥር ይገባል።

ሁሉንም ማጥፋት የመጨረሻው አማራጭ ነው

ቴሌቪዥንን ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት መመለስ ብዙዎች ቀድመው የሚሞክሩት እርምጃ ነው፤ ነገር ግን መመለሻ የለውም። መግቢያዎቹ፣ የዋይ ፋይ ቃሉና የተጫኑት መተግበሪያዎች ሁሉ ይጠፋሉ። የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት መሣሪያዎች በመላው ዓለም በአንድ ጊዜ ሥራ አቁመው ነበር። ምክንያቱ በጎግል በኩል ጊዜው ያለፈበት የምስክር ወረቀት ነበር። ጎግል መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ቅንብር እንዳይመልሱ ለተጠቃሚዎች አሳሰበ፤ በቀናት ውስጥም መፍትሔውን ላከ። ታግሠው የጠበቁት መሣሪያቸው በራሱ ተስተካከለ፤ ቀድመው ሁሉን ያጠፉት ግን እንደገና ለማስጀመር ተቸገሩ።

ኮድና የይለፍ ቃል

በቴሌቪዥን ላይ ወደ ዩቲዩብ ለመግባት ስክሪኑ የሚያሳየው ኮድ በስልክ ይሞላል። ይህ አገልግሎት ክፍያ የለውም። ቴሌቪዥኑን «ለማስከፈት» ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም ለስልክ የተላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ንገሩኝ የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው። ቴሌቪዥን ሲሸጥ፣ ሲሰጥ ወይም ለጥገና ሲወጣ መግቢያው አስቀድሞ ይዘጋ፤ ለባለሙያ የተነገረ የይለፍ ቃልም ሥራው እንዳለቀ ይቀየር።

ባለሙያ የሚያስፈልግበት ጊዜ

የማቃጠል ሽታ ከመጣ፣ ስክሪኑ ላይ መስመር ከተሰመረ፣ ድምፅ እየተሰማ ምስል ከጠፋ፣ ወይም ቴሌቪዥኑ በራሱ እየጠፋ ከበራ ጉዳዩ የመተግበሪያ አይደለም። ሶኬቱ ተነቅሎ ባለሙያ ይጠራ። የጀርባ ክዳኑን በቤት መፍታት አደገኛ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ኃይል ሊቆይ ይችላል።

ለባለሙያም ሆነ ርቆ ላለ ልጅ በስልክ ሲነገር «አልሠራም አለ» ማለት ብቻውን አይረዳም። የቴሌቪዥኑ ስምና ሞዴል፣ በስክሪኑ ላይ የተጻፈው የስህተት ቁጥር፣ የራውተሩ መብራቶች ቀለም፣ ያው መተግበሪያ በስልክ መሥራት አለመሥራቱ፣ በመጨረሻም የቴሌቪዥኑ ቀንና ዓመት ይነገር። የስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ መላክ የበለጠ ይረዳል። መተግበሪያው እስኪስተካከል ድረስም ዲሹ መዘንጋት የለበትም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዜናንና ማስጠንቀቂያን የሚያደርሰው እርሱ ነውና ገመዱ ከቴሌቪዥኑ ጋር እንደተሰካ ይቆይ።